«ልክ እንደ ካሴቱ» ምስጋና አይደለም

ባለፈው ጥር ዳንግላ ሰርግ ተጠርቼ ነበር። ድንኳኑ ውስጥ ግራና ቀኝ ሁለት ትላልቅ ሞንታርቦዎች ተገትረዋል፤ መሃላቸው አንድ ኪቦርድ፣ ከኪቦርዱ አጠገብ አንድ ላፕቶፕ። ዘፋኙ ገና ወጣት ነው፣ ድምፁ የሚያምር ልጅ። ማይኩን ከመያዙ በፊት ከኪሱ ፍላሽ አውጥቶ ለኪቦርዲስቱ አቀበለው። ኪቦርዲስቱ ሰካውና አንዲት ነገር ነካ አደረገ። ከበሮው መጣ፤ ቤዙ ተከተለ፤ ሳክስፎኑ ገባ፤ ተቀባዮቹም ሳይቀሩ በየተራቸው ደረሱ። ድንኳኑ ውስጥ ግን ከበሮ የሚመታም ሳክስፎን የሚነፋም ሰው አልነበረም። ኪቦርዲስቱ አንድ እጁን ኪቦርዱ ላይ አሳርፎ በሌላው ስልኩን ይነካካል። ሙሽሮቹ ጭፈራው ገና ሲሞቅላቸው፣ የሙሽራው እናት እልል እያሉ መሃል ሲገቡ፣ ዘፈኑ ማንንም ሳይጠይቅ በአራት ደቂቃው አለቀ። እናትየው እጃቸውን እንደዘረጉ ቆመው ቀሩ። ዘፋኙ ሊያቆይላቸው ቢፈልግም አይችልም፤ የዘፈኑ ልክ ያለው ፍላሹ ውስጥ ነው። አጠገቤ የተቀመጡት ሽማግሌ ግን ራሳቸውን እየነቀነቁ «ጎበዝ ልጅ ነው፣ ልክ እንደ ካሴቱ!» አሉ።

ይህን ምስጋና ስሰማው ኖሬያለሁ። እንጅባራም ዳንግላም፣ ባሕር ዳርም አዲስ አበባም ያው ነው። ዘፋኝ የሚለካበት፣ ባንድ የሚቀጠርበት፣ ኮንሰርት «አሪፍ ነበር» ወይም «ብራችንን በላው» የሚባልበት ሚዛን ሆኗል። ሚዛኑ የተሳሳተ ነው ባይ ነኝ። በዚህ ሚዛን ስንለካቸው ሙዚቀኞቻችንን እየጎዳን ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድ ልናሳየው የወሰድነውን ወዳጃችንን ደግሞ ከመግባቱ በፊት ጆሮውን እንዘጋበታለን።

ካሴት የምንለው፣ ዛሬ ዩቲዩብም ይሁን ፍላሽ ስሙ አልተቀየረም፣ የአንድ ሰሞን ድምፅ ነው። ሰውየው ያኔ ስቱዲዮ ገባ፣ እንደዚያን ጊዜ ስሜቱ ዘፈነ፣ ከዘፈነው የተሻለው ተመርጦ ቀረ። ከዚያ ወዲህ ዐሥር ዓመት ኖሯል። ልጅ ወልዷል፣ እናቱን ቀብሯል፣ ድምፁ ወፍሯል። በሃያ ዓመቱ ትዝታ የዘፈነ ሰው በአርባ ዓመቱ ሲዘፍነው የሚጨምረው ብዙ ነው፤ የሚያስታውሰው በዝቷላ። እኛ ግን ፊታችን የቆመውን ሰው ትተን ያን የስቱዲዮ ሰሞን አምጣ እንለዋለን። ቃል ሲቀይር «ረሳው» እንላለን። ዜማውን ሲያዘገየው «ደከመው» እንላለን። ሳክስፎን ነፊው ሶሎውን ሲያረዝም ፊታችንን ወደ ጠርሙሳችን እናዞራለን።

ጥፋቱን ለኪቦርድ የሚሰጡ አሉ። አልስማማም። የዋልያስ ባንዱ ሃይሉ መርጊያ አሜሪካ ከቀረ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1985 አኮርዲዮኑን ከኪቦርድና ከሪትም ማሽን ጋር አዋህዶ ብቻውን አንድ ካሴት ሠርቷል። ማሽኑ ምቱን ይጠብቅለታል፤ ሃይሉ ግን በላዩ ላይ እንደ ልቡ ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን የድሮ ዜማ አንስቶ ያልታሰበ ቦታ ያደርሰዋል። ይህ ካሴት እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ሲታተም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ ይነዳ የነበረውን ሰው ወደ ዓለም መድረክ መልሶታል። ሃይሉ ይህን ችሎታ ከየት አመጣው? ከምሽት ሥራ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ሲታወጅ በሚጫወትበት ቤት እንግዳው በሩ ተዘግቶበት እስኪነጋ እዚያው ይቆይ ነበር፤ ባንዱም እስኪነጋ ይጫወታል። እስኪነጋ የሚጫወት ሰው ደግሞ በካሴት ልክ አይዘልቅም። አንዱን ዜማ ይዞ መቆየት፣ ማሸት፣ ጓደኛው ሲቀበለው ማዳመጥ፣ እንደገና መንጠቅ ግድ ይለዋል። ማሽን ያኔም ነበረ፤ ዛሬ የጠፋው ከማሽኑ ጋር የሚነጋገረው ሰው ነው።

ይህ ሁሉ የከተማ ነገር ነው የሚለኝ ካለ እዚሁ ጎጃም ልመልሰው። ዋሸራን፣ ጎንጅን፣ ዲማን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ባሉበት አገር «እንደ ባለፈው ድገምልኝ» ማለት እንዴት ምስጋና ሊሆን ቻለ? ባለ ቅኔ ለበዓሉ አዲስ ቅኔ ይዞ ይቆማል። አምና ያለውን ዘንድሮ ቢያመጣው ያፍራል፤ የሌላ ሰው ቅኔ ቢያመጣማ ጓደኞቹ ቀና ብለው አያዩትም። መንገዱ የታወቀ ነው፤ ጉባኤ ቃናው በሁለት ቤት ያልቃል፣ መወድሱ ይረዝማል፣ ዜማው ከሊቃውንቱ የተወረሰ ነው። በታወቀው መንገድ ላይ ያልታወቀ ነገር ማምጣት ነው ሙያው። «ቅኔ ዘረፈ» የምንለውም ይህንኑ ነው። ፎካሪውም «ዘራፍ!» ብሎ ነው የሚነሳው።

ፉከራን ካነሳሁ ወዳጄን ላንሳ። እንጅባራ ተወልዶ ያደገ ሰው ነው፣ ፈረሰኛ። የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም. ከተመሠረተ ጀምሮ በየዓመቱ ጥር 23፣ በጊዮርጊስ ዕለት፣ የዓድዋ አርበኞችና የፈረሶቻቸው መታሰቢያ ይከበራል። በ2012 ዓ.ም. ሰማንያኛው ዓመት ነበር፤ ወዳጄም ከአባቱ የወረሰውን ዳማ ፈረስ ሸልሞ ወጣ። ሜዳው ሙሉ ሰው ነው። ሽምጡ አለ፣ ጉግሱ አለ፣ በመካከሉ አንዱ ብድግ ብሎ ይሸልላል፤ ሌላው ይቀበለዋል፤ ሦስተኛው ደግሞ በአገውኛ ያነሳዋል። ወዳጄም ተራው ደርሶ ፎከረ። አባቱን አነሳ፣ ፈረሱን አነሳ፣ ያን ጠዋት መንገድ ላይ የገጠመውን ነገር ሳይቀር እዚያው አስገባው። ለዓመት ያጠናው ሰው እንዲህ አይሆንለትም። ደረቱ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ቃሉ ቀድሞት ይወጣል። ዓምና የሰሙት ሰዎች ነበሩ፤ ከዓምናው ጋር ይመሳሰል እንደሆን የመረመረ ግን አላየሁም። የሁሉም ጆሮ የቀናው ዘንድሮ ወደሚለው ነበር።

ይህንኑ ሽለላ ወደ ሳክስፎን ያመጣው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በልጅነቱ በክራርና በመሰንቆ ጀምሮ፣ ከአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ባንድ ተነስቶ፣ የጦር ሜዳውን ጩኸት በናስ መሣሪያ ነፋው። ውጭ ያሉ ሰዎች የአሜሪካ ጃዝ መሰላቸው፤ ሥሩ ግን እዚህ ፈረስ ላይ ነው። ሰባ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ እ.ኤ.አ. በ2004፣ ዘ ኤክስ ከተባሉት የሆላንድ ሙዚቀኞች ጋር ተገናኘ፤ በ2006 «ሞአ አንበሳ» የሚለውን አልበም አብረው አወጡ። እነዚያ ሰዎች አማርኛ አያውቁም፤ በጊታር ጩኸት ያደጉ ናቸው። ተቀበሉኝ ሲላቸው ግን ተቀበሉት። እ.ኤ.አ. በ2016 እስኪያርፍ ድረስ ያው አንዱን ሽለላ በየመድረኩ ሌላ አድርጎ ነፍቶታል። ከካሴቱ ጋር ስላልተመሳሰለ ቅር ያለው ሰው ካለ እኔ አዝንለታለሁ።

ወዳጄ ባንድም አዝማሪም በአካል አይቶ አያውቅም ነበር። ሙዚቃ ለእሱ ሬዲዮ ነው፣ የሚኒባስ ስፒከር ነው፣ የሰርግ ሞንታርቦ ነው። ከጥር 23 በኋላ፣ ሁዳዴ ከመግባቱ በፊት፣ ባሕር ዳር ልውሰድህ አልኩት። እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራዋልና ልንገራችሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ዘፈን ጫንኩበት። በፍላሽ ሰጠሁት፣ በስልክ ላክሁለት፤ «ይሄንን ይጫወታሉ፣ እቺ ጋ ስትደርስ ሰው ሁሉ ይነሳል፣ እዚህ ጋ መሰንቆው ብቻውን ይገባል» አልኩት። ደግ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። እንግዳን ቤት አሳይቶ ከማስገባት ጋር አምታትቼዋለሁ። ወዳጄ ባሕር ዳር ሲደርስ ዘፈኖቹን በቃሉ ያውቃቸዋል፤ ፈተና ሊያርም እንደሚቀመጥ አስተማሪ ሆኖ ተቀመጠ።

አዝማሪ ቤቱ ጠባብ ነው። ግድግዳው ላይ ሰፌድና ጋሻ ተሰቅሏል፣ መሬቱ ቄጠማ ተጎዝጉዞበታል። መሰንቆ መቺው ሙጫውን ደጋኑ ላይ አሸት አሸት አደረገ፣ ጭራውን በጣቱ ነካ አድርጎ ጆሮውን አስጠጋ፤ ከበሮ መቺዋ ልጅ ከጎኑ ቆመች። ጀመሩ። የመጀመሪያው ዘፈን ወዳጄ የሚያውቀው ነው። ሁለተኛው ቤት ላይ አዝማሪው ቃሉን ቀይሮ በር አካባቢ ለተቀመጡት ሰውዬ ገጠመላቸው። ወዳጄ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «አንተ፣ ቃሉን አበላሸው እኮ» አለኝ። ሦስተኛው ላይ ዜማው ከባቲ ወደ አንቺሆዬ አዘነበለ። «ይሄ የት ካሴት ላይ ነው?» አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ስልኩን አውጥቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ የላክሁለትን ከፍቶ ጆሮው ላይ ለጠፈው። ፊቱ የሚዘፍንለትን ሰው ትቶ ስልኩን ሰማ። ያን ማየት አመመኝ፤ ያስተማርኩት እኔ ነኝና።

እርግጥ ነው፣ ለዚህ ልማድ የሚከራከሩ ሰዎች የሚሉት አለ። ሰው የከፈለው የሚያውቀውን ዘፈን ሊሰማ ነው፣ የሚያውቀውን መስጠት ያባት ነው ይላሉ። የሚያውቀውን መፈለጉን አልነቅፍም። እኔም የምወደው ዘፈን ሲጀመር ልቤ ይመታል። የሚያውቀው ዘፈን ግን ቤቱ አለ፤ አልጋው ላይ ተኝቶ በነፃ ይሰማዋል። ሌሊት ተነስቶ፣ መንገድ ሄዶ፣ ከሰው ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጋፍቶ የሚመጣ ሰው የመጣው ከዚያ ለሚበልጥ ነገር ነው፤ ነገሩ ምን እንደሆነ የነገረው ሰው ስለሌለ ብቻ ነው ካሴቱን የሚጠይቀው።

አሜሪካ ውስጥ ጃም ባንድ የሚባሉ አሉ። ለነሱ ዘፈን መነሻ ነው፤ ጀምረውት ሃያ ደቂቃ ሊቆዩበት፣ ወደ ሌላ ዘፈን ሊሻገሩበት ይችላሉ። እ.ኤ.አ. በ1965 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተቋቋመው ግሬትፉል ዴድ የዚህ አባት ነው። አድማጩ ቴፕ ይዞ እየገባ ይቀርጽ ነበር፤ ባንዱ መከልከሉን ትቶ እ.ኤ.አ. በ1984 ለሚቀርጹት ለብቻ ቦታ ለየላቸው። ሰዎቹ ቴፑን ይለዋወጡታል እንጂ አይሸጡትም። ለምን ይቀርጹታል? የዛሬው ከትናንቱ ስለሚለይ ነው። ፊሽ የሚባለው ባንድ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2017 ኒው ዮርክ ውስጥ በአንድ አዳራሽ 13 ሌሊት ተጫውቶ አንድም ዘፈን አልደገመም። እዚያ አገር ሰው ወዳጁን ለመጀመሪያ ጊዜ ይዞ ሲሄድ ዛሬ ምን እንደሚጫወቱ እሱም አያውቅም። የነሱም ሰው ስልክ አለው፣ የኛም አለው። እነሱ መቅረጫውን ያወጡት ያልተደገመውን ሊያስቀሩ ነው፤ ወዳጄ ያን ሌሊት ስልኩን ያወጣው ያልተደገመውን ሊከስበት ነበር።

ሁሉ መርዘም ጥሩ ነው አልልም። ሶሎ እየነፋ ጓደኞቹን የማይሰማ፣ ጣቱን ሊያሳይ ብቻ የሚሮጥ ሙዚቀኛ አይቻለሁ፤ አሰልቺ ነው። ድራመሩ ሲያይ፣ ቤዙ ሲመልስ፣ ዘፋኟ አንድ ቃል ይዛ ሰው እስኪቀበላት ስትጠብቅ ነው የሚጥመው። አዲስ አበባ ካዛንቺስ የነበረው ፈንድቃ ይህ የሚታይበት ቤት ነበር፤ አዝማሪው፣ ጨፋሪው፣ ከውጭ የመጣው ጊታር ተጫዋች እዚያው መድረክ ላይ ይተዋወቁና እዚያው ይጫወቱ ነበር። ካዛንቺስ ሲፈርስ እሱም ከቦታው ተነሳ። ጣይቱ ሆቴል ውስጥ የነበረው ጃዛምባም በጥር 2007 ዓ.ም. እሳት በልቶታል። እንዲህ ያሉ ቤቶች በአገሩ በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፤ አንዱ በጠፋ ቁጥር ሙዚቀኞች እርስ በርስ የሚማሩበት ቦታ ይጠፋል።

ወጪውስ? ይህ የባለ ሆቴሎቹ ክርክር ነው፣ ሐቅም አለው። ሙሉ ባንድ ስድስት ሰባት ሰው ነው፤ ከባሕር ዳር ወይም ከአዲስ አበባ ማምጣት፣ ማሳደር፣ ማብላት አለ። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በክልላችን መንገዱም ምሽቱም አያስተማምንም፤ ሰው በጊዜ ቤቱ መግባት ይፈልጋል። ይህን ሁሉ አምናለሁ። የኛ ሙዚቃ ግን ሰባት ሰው አይጠይቅም። አንድ መሰንቆ፣ አንድ ከበሮ፣ አንድ የሚቀበል ሰው ከበቂ በላይ ነው፤ ሞንታርቦም መብራትም ሳይኖር በቀትር ዳስ ውስጥ ይሠራል። መሰንቆው ላይ የተወጠረው የፈረስ ጭራ ነው፣ የደጋኑም የፈረስ ጭራ ነው። በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ፈረሰኞች ባሉበት በአዊ ምድር መሰንቆ ብርቅ ሆኖ ፍላሽ የሞላው በብር እጥረት ነው ብሎ የሚያሳምነኝ የለም። የሰርጉ ባለቤት ገንዘቡን ለኪቦርድና ለሞንታርቦ ኪራይ ከፍሎታል። የከፈለበት ምክንያት እንግዳው «ልክ እንደ ካሴቱ» እንዲልለት ነው። ያ ጎበዝ ልጅም ፍላሹን የያዘው ለዚሁ ነው። የሙሽራው እናት መሃል ሲገቡ ዘፈኑን ይዞላቸው ቢቆይ፣ ስማቸውን አንስቶ አንድ ቤት ቢገጥምላቸው፣ ያን ቀን ማን ይረሳው ነበር? ልጁ ይህን መቻሉን የምናውቅበት ዕድል አልሰጠነውም። ዕድሉን ሳያገኝ ሃያ ሰርግ፣ ሠላሳ ሰርግ ቢዘፍን፣ የሚችለውን እሱም ይረሳዋል።

ወደ ባሕር ዳሩ ሌሊት ልመለስ። ወዳጄን ስልኩን ዝጋው አልኩት፤ ዘጋው። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅሁት፦ «ጥር 23 የፎከርከውን እስቲ አሁን ልክ እንደዚያው በልልኝ።» ሳቀ። «እንዴት ብዬ? ያኔ ፈረስ ላይ ነበርኩ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ» አለ። «አዝማሪውስ አሁን ማን እያየው ነው?» አልኩት። መልስ አልሰጠኝም፤ ብርጭቆውን ገፋ አድርጎ ወንበሩን ወደ መድረኩ አዞረው።

አዝማሪው እየዞረ እኛ ጋ ሲደርስ ጎንበስ ብሎ «ጋሼ፣ አገርዎ የት ነው?» አለው። «እንጅባራ።» «የፈረሱ አገር!» አለና ከበሮ መቺዋን በዓይኑ ጠራት። ወዳጄ አንድ ቤት ሰጠው፣ ስለ ዳማው። አዝማሪው ተቀበለ፤ ግን እንደ ተሰጠው አልተወውም። የወዳጄን ቃል ገልብጦ መልሶ ሰጠው፤ ወዳጄ ሌላ ጨመረ። በዚህ መካከል ደጋኑ አጭር አጭር መሆን ጀመረ፣ ጭራው ላይ ይረግጣል፣ ከበሮዋ ከሥር ይዛዋለች፤ መጀመሪያ ሰጋር ነበር፣ ከዚያ ሽምጥ ሆነ። ቤቱ ውስጥ የነበረ ሰው ሁሉ ዝም አለ። ወዳጄ ሁለት እጁ ልጓም እንደያዘ ሰው ጉልበቱ ላይ ተጨብጧል። ምን ያህል ቆየ አላውቅም። ሲያበቃ ተነስቶ ሽልማቱን በአዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈለት፤ ስልኩ ኪሱ ውስጥ እንደተዘጋ ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሚኒባስ ይዘን ተመለስን። መራዊን አልፈን፣ ዱርቤቴን አልፈን፣ ዳንግላ ስንደርስ ሹፌሩ ሙዚቃ ከፈተ። ወዳጄ ዝቅ አድርግልን አለውና ወደ እኔ ዞረ። «ማታ ያቺ ፈረሱን ያስሮጠባት እንዴት ነበር?» አለኝ፤ ሊያዜምልኝ ሞከረ። አልሆነም። እንደገና ሞከረ፣ በሌላ በኩል ወጣ። መንገድ ዳር የዲከረንስ ዛፉ ተሰልፏል፣ ከሥሩ የከሰል ማዳበሪያ ተደርድሯል። አዲስ ቅዳም ስንገባ ሦስተኛውን ጀመረ፤ በጣቱ የፊቱን ወንበር እየመታ፣ ከሁለቱም ያልመጣ ዜማ ይዞ፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ በጭብጨባ እስክትቀበለው ድረስ ቀጠለ።